ምዕራፍ ስድስት፦ መናኸሪያውን አለፍ ብሎ

ከደጀን ተነስቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር የሚገባ አይሱዙ ቢቸና መግቢያ ላይ ጎማው ፈነዳ እንበል። ሹፌሩ ረዳቱን ይልካል። ረዳቱ ያገኘውን ባጃጅ አስቁሞ «ጎሚስታ የት አለ?» ይላል። ባለባጃጁ የሚያውቀውን ይጠቁመዋል፤ የሚያውቀው ደግሞ አንዱን ነው፦ ወይ ዘመዱን፣ ወይ የራሱን ጎማ የሚያስጠግንበትን፣ ወይ ገና አሁን በደጁ ያለፈውን። መናኸሪያውን አለፍ ብሎ የተሻለ ኮምፕሬሰር ያለው፣ እስከ ማታም የማይዘጋ ሌላ ጎሚስታ ቢኖር ለዚህ ሹፌር እንደሌለ ነው።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ሳይጠቆም ስለቀረው ጎሚስታ ነው። ሙያው አለው፣ ዕቃው አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው፤ የጎደለው በተፈለገበት ሰዓት መገኘት ብቻ ነው። በሌላው ዓለም ይህን ጉድለት መሙላት ራሱን የቻለ እንጀራ ሆኗል። ስልኩ ላይ «በአቅራቢያዬ ያለ ጎሚስታ» ብሎ ለሚፈልግ ሰው የእርስዎ ቤት ከፊት እንዲመጣለት የሚያደርጉ፣ ለዚህም ወር በወር የሚከፈላቸው ባለሙያዎች አሉ። ለትልልቅ የውጭ ከተሞች የተጻፈው ምክራቸው ግን ቢቸና ሲደርስ ግማሹ አይሠራም። ቤት ቁጥር አለ ብሎ ይነሳል፤ ፖስተኛ ደጅ ድረስ ይመጣል ብሎ ያስባል፤ ኢንተርኔት አይቋረጥም ብሎ ያምናል። የሚሠራውን ግማሽ መለየት የእኛ ፈንታ ነው።

ከስልኩ በፊት

ተፈልጎ መገኘት ራሱ የቆየ ጣጣ ነው። ጠላ የሚሸጥበት ቤት ደጁ ላይ ረጅም እንጨት ይተክልና ጫፉ ላይ ጣሳ ይደፋበታል። መንገደኛው የጎጃም ይሁን የሸዋ፣ ፊደል ይቁጠር አይቁጠር፣ ጣሳውን ካየ ጎንበስ ብሎ ይገባል። ምልክቱ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ እዚህ ቤት ምን እንደሚሸጥና ቤቱ የትኛው እንደሆነ። ዛሬ ጉግል ካርታ ላይ ከተመዘገቡት የትንንሽ ከተማ ቤቶች ብዙዎቹ እነዚህኑ ሁለቱን አሳስተው የተመዘገቡ ናቸው፤ ወደዚህ እንመለሳለን።

ገበያም የራሱ ማውጫ ነበረው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ከአራዳ አንስቶ ያቋቋመው የአዲስ አበባው መርካቶ ሸማ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ጎማ ተራ፣ ሳጠራ ተራ እየተባለ በየዕቃው ዓይነት ተሸንሽኗል። የወረዳ ገበያም እንዲሁ ነው፤ እህሉ በአንድ ወገን፣ ከብቱ በሌላ፣ በርበሬና ጨው ደግሞ በየፈርጁ። ቆርቆሮ የፈለገ ሰው የሻጩን ስም ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ተራውን ካወቀ ይበቃዋል። ይህ የሚሆነው ግን ነጋዴው ሁሉ አንድ ቦታ ሲሰበሰብ ነው። ከተማው በአስፋልቱ ግራና ቀኝ እየተጎተተ ሲረዝም፣ ጋራዡ መውጫው ላይ፣ ፎቶ ቤቱ መሀል ከተማ፣ ወፍጮ ቤቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ሲሆን ተራ የሚባለው ነገር ይበተናል። ቢቸናንም ሞጣንም ያየ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል።

ተራው ሲበተን ሥራው ደላላ እጅ ይወድቃል። ደላላ የሚከራየውን ቤት፣ የሚሸጠውን በሬ፣ ሥራ የሚፈልገውን ልጅ ሁሉ በጭንቅላቱ መዝግቦ የሚዞር ሰው ነው። ጉግልም ቢሆን ከደላላ ብዙ አይርቅም፤ ያልነገሩትን አያውቅም፣ ያወቀውን ለጠየቀው ይነግራል፣ ለከፈለው ደግሞ ቅድሚያ ይሰጣል። ሁለት ልዩነት ግን አላቸው። ጉግል ገንዘብ የተቀበለበትን «ማስታወቂያ» ብሎ ለይቶ ያሳያል፤ ስም ለማስመዝገብም ኮሚሽን አይጠይቅም። በዚህ በኩል ከብዙ ደላላ ይሻላል።

መበተን የትንሽ ከተማ ችግር ብቻ አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥሩ እየበዛ ቢመጣም በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተበታትኖ ነበር። አማርኛ የሚናገር ሐኪም፣ በርበሬና ሽሮ የሚሸጥ ባልትና ቤት፣ የታክስ ቅጽ የሚሞላ ባለሙያ የት እንዳለ የሚያውቀው ቀድሞ የሄደ ሰው ብቻ ነበር። የሺመቤት (ቱቱ) በላይና በጎጃም ዜማዎቹ የምናውቀው ባለቤቷ ድምፃዊ ይሁኔ በላይ የኢትዮጵያውያን ቢጫ ገጽ የተባለውን የስልክና የአድራሻ ማውጫ ማሳተም የጀመሩት እዚያ ነው። ሁሉ በየሙያው ተደልድሎ፣ ከነስልኩና ከነአድራሻው አንድ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ጉግል ከገነነ በኋላም ማውጫው ለዓመታት መታተሙን አላቆመም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ጉግል ያኔ «ባልትና» የሚለውን አያውቅም፤ መጽሐፉ ግን ያውቃል። ፈላጊው በሚጠራበት ስም መመዝገብ ምን ዋጋ እንዳለው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ማን ነው የሚፈልግዎ?

ቢቸና ውስጥ ለአንድ ባለሱቅ ይህን ሁሉ ቢነግሩት መልሱ ይገመታል፦ «እኔን የማያውቅ ማን አለ?» እውነቱን ነው። በ1999ኙ ቆጠራ ሞጣ 26 ሺህ ገደማ ሰው ነበራት፤ ቢቸና ደግሞ ከዚያም ታንሳለች። ባለሱቁ አባቱም አያቱም የሚታወቁበት ከተማ ውስጥ ጎረቤቱ ስልክ ከፍቶ አይፈልገውም። ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና ለሰፈሩ የሚሸጥ ሰው ይህን ምዕራፍ ዘልሎ ወደሚቀጥለው ቢሄድ አይጎዳም፤ ጊዜውን ለብድር መዝገቡ ቢያውለው ይሻለዋል።

የሚፈልግዎ የማያውቅዎ ነው። አንደኛው መንገደኛ ነው፤ አይሱዙው፣ አውቶቡሱ፣ የመስክ መኪናው። ሁለተኛው ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባንክ ሠራተኛው። ይህ ሰው የመጀመሪያውን ወር የሚያሳልፈው የሚከራይ ቤት፣ አልጋና ፍራሽ፣ ፀጉር ቤት፣ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው በመፈለግ ነው፤ ስልኩም ዘወትር እጁ ላይ ነው። ሦስተኛው አገሩ ጎጃም ሆኖ ኑሮው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሆነ ሰው ነው። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለዲማ ጊዮርጊስ ወይም ለመርጦ ለማርያም ንግሥ ይመጣል። ከመምጣቱ በፊት ለአሥር ሰው አልጋ፣ ለእናቱ ቤት ቆርቆሮና ሚስማር፣ ለድንኳን ወንበር ኪራይ ይጠይቃል። እየጠየቀ ያለው ከሩቅ ስለሆነ ባጃጅ ማስቆም አይችልም። ከሦስቱም ብዙ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው ይኼኛው ነው፤ ያለ ካርታና ያለ ስልክ ሊያገኝዎ የማይችለውም እሱ ነው።

ስለዚህ ፔንሲዮን፣ ሆቴል፣ ጎሚስታ፣ ጋራዥ፣ የመለዋወጫ ሱቅ፣ መድኃኒት ቤት፣ ክሊኒክ፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብር፣ የሠርግ ዕቃ አከራይና በኩንታል ጤፍ የሚሸጥ የእህል ነጋዴ ይህ ጉዳይ በቀጥታ ይመለከታቸዋል።

ከሦስቱ ፈላጊዎች ውጪ አንድ ትልቅ ደንበኛ ይቀራል፤ ከዙሪያው ቀበሌ የሚመጣው ገበሬ። እሱ ጽፎ አይፈልግም ተብሎ ከሒሳብ መውጣት የለበትም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ 8028 የተባለውን የስልክ መስመር ሲከፍት ገበሬው ደውሎ፣ ቁጥር ተጭኖ፣ ስለ ጤፍ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ በገዛ ቋንቋው የተቀዳ ምክር ይሰማ ነበር። ሚሊዮኖች ደወሉ። ገበሬው መፈለግ አልጠላም፤ መጻፍ እንጂ። ጉግልም እ.ኤ.አ. በ2017 በድምፅ ከሚጻፍባቸው ቋንቋዎች አማርኛን አካትቷል፤ ስልኩ ላይ ማይክሮፎኗን ነክቶ «የውኃ ፓምፕ ጥገና ቢቸና» ማለት ይቻላል። ይህን የሚያደርገው ገና ጥቂት ሰው ነው። ለጊዜው ለገበሬው የሚያስፈልገው የሚነሳ ስልክ ቁጥር ነው፤ ታፔላው ላይ በጉልህ የተጻፈ፣ ደረሰኙ ላይ የታተመ፣ ጆንያው ላይ በማርከር የሰፈረ ቁጥር።

ርቀትና ምልክት

ጉግል የአካባቢ ፍለጋ ውጤትን በምን እንደሚያስቀድም ሦስት መለኪያ በይፋ አስቀምጧል፦ የቤቱ ሥራ ከተፈለገው ነገር ጋር መዛመዱ፣ ከፈላጊው ያለው ርቀት፣ ቤቱ ምን ያህል የታወቀ መሆኑ። ሁሉ ነገር አንድ አደባባይ ዙሪያ ባለበት ከተማ ርቀት ብዙም አያዳላም። በመንገድ ዳር በረዘመ ከተማ ግን ጨካኝ ነው። መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ «ሆቴል» ብሎ የሚፈልግ ሰው ቀድሞ የሚያየው እዚያው መናኸሪያ አጠገብ ያሉትን ነው። መውጫው ላይ ያለ ፔንሲዮን ይህን መለወጥ አይችልም፤ ቤቱን ተሸክሞ አይሄድም።

የቀሩትን ሁለት መለኪያዎች፣ ዝምድናንና ታዋቂነትን፣ ግን መለወጥ ይችላል። መውጫው ላይ ያለ ፔንሲዮን መሀል ከተማ ያለው የሌለው ነገር አለው፦ ሰፊ ግቢ። አይሱዙ ያለው ሹፌር የሚፈልገው አልጋ ብቻ አይደለም፤ መኪናው በጥበቃ የሚያድርበት ቦታ ነው። ይህን ጉግል ካርታ ላይ ሲመዘገብ በሚሞላው መግለጫ ላይ «መኪና ማቆሚያ ግቢ ያለው፣ ዘበኛ ያለው» ብሎ የጻፈ ሰው፣ ሹፌሩ «ማቆሚያ ያለው ሆቴል» ብሎ ሲፈልግ ከመናኸሪያው ጎረቤቶቹ የመቅደም ዕድል ያገኛል። የሥራ ዘርፍ ሲመርጡም እንዲሁ ነው። «ሱቅ» ብሎ የተመዘገበ የመለዋወጫ ነጋዴ ከሦስት መቶ ሱቅ አንዱ ነው፤ «የመኪና መለዋወጫ» ብሎ የተመዘገበው ግን ከአራት አንዱ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ምልክቱ እንምጣ፤ ካርታው ላይ ቤቱን የምታሳየው ቀይዋ ነጥብ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ያለ የወንድም ልጅ ለአጎቱ ውለታ ልዋል ብሎ ከቢሮው ተቀምጦ ይመዘግብለታል። ካርታው «የት ነው?» ሲለው «ቢቸና» ይላል። ካርታው ደግሞ ቢቸና የሚለው ስም የተጻፈበት ቦታ ላይ ነጥቧን ይተክላታል። ሰዎች አጎቱን ፍለጋ መጥተው አንድ ኪሎ ሜትር ርቆ ባዶ ሜዳ ወይም የሰው አጥር ላይ ይቆማሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ምዝገባው የሚከናወነው ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ የስልኩን የቦታ መጠቆሚያ ከፍቶ፣ ነጥቧን በጣት ጎትቶ ጣሪያው ላይ በማሳረፍ ነው።

ከነጥቧ ቀጥሎ አድራሻው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር በሌለበት አገር ፖስታ የሚመጣው በሳጥን ቁጥር ነው፤ ሰው የሚመጣው ደግሞ በ«ፊት ለፊት»፣ በ«ጎን»ና በ«ወረድ ብሎ»። በዚህ የሚያፍር ነጋዴ አለ፤ የማያሳፍር ነገር ነው። አድራሻው ላይ ከየትኛው ወገን እንደሚመጣ ይጻፉ፦ «ከመናኸሪያ ወደ ሞጣ መውጫ በስተግራ፣ ከቴሌ ፊት ለፊት»። ምልክቱ ግን እንግዳ ሊያየው የሚችል ይሁን። «ከአለቃ ቤት ጀርባ» የሚለው አለቃን ለሚያውቅ ብቻ ነው፤ አለቃን የሚያውቅ ደግሞ እርስዎንም ያውቃል።

ፕላስ ኮድ የሚባል ሌላ መላም አለ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው ሲሆን፣ አድራሻ ለሌለው የምድር ገጽ ሁሉ በጥቂት ፊደልና ቁጥር አጭር መለያ ይሰጣል። የሚጠቀምባቸው ምልክቶች 20 ብቻ ናቸው፤ በአጋጣሚ ቃል እንዳይፈጥሩ አናባቢ ፊደላት ተወግደዋል። ካርታው ላይ ቤትዎን ተጭነው ቢይዙ ኮዱ ይወጣል። በኤስኤምኤስ ይላካል፣ ታፔላ ላይም ይጻፋል። ቢቸና ውስጥ ማን ያነበዋል ቢሉ ዛሬ ብዙ ሰው አያነበውም፤ ሠርግ ሊያደርግ ከውጭ የሚመጣው ሰው ግን ያነበዋል።

ቪዲዮው

ጉግል ቤቱ በእርግጥ መኖሩን ሳያረጋግጥ ሙሉ መብት አይሰጥም። ድሮ የሚስጥር ቁጥር የያዘ ፖስት ካርድ በፖስታ ይልክ ነበር፤ የእኛን አገር ፖስታ ለሚያውቅ ይህ የሚያስቅ ነው። አሁን በብዛት የሚጠይቀው ያልተቆራረጠ አጭር ቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ሦስት ነገር ማሳየት አለበት፦ ቦታውን፣ ሥራውንና ባለቤቱ እርስዎ መሆንዎን።

ለጎሚስታችን ይህ እንዴት እንደሚሆን እንመልከት። ቀረጻው የሚጀምረው ከአስፋልቱ ማዶ ነው፤ ማዶ ያለው ባንክ ወይም ነዳጅ ማደያ፣ ስሙ ከነታፔላው ይታይ። ካሜራውን ሳያጠፉ መንገዱን ተሻግረው ወደ ቤቱ ይምጡ። ታፔላው ላይ ያለው ስም እና ሲመዘገብ የተጻፈው ስም አንድ መሆን አለባቸው፤ ታፔላ ከሌለ ቪዲዮው ውድቅ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ ቀለም ቀቢውን ይጥሩ። ከዚያ ቁልፉን አውጥተው በሩን ራስዎ ይክፈቱ፤ ይህች ቁልፍ ከብዙ ወረቀት ትበልጣለች። ውስጥ ሲገቡ ኮምፕሬሰሩን፣ ጎማ ማውለቂያውን፣ የተደረደሩትን ካላማዳሪዎች፣ በመጨረሻም ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የንግድ ፈቃድ ያሳዩ። ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። አስቸጋሪው ቀረጻው ሳይሆን መላኩ ነው፤ ኔትወርኩ ደካማ በሚሆንበት ሰዓት ከመታገል ሌሊት ወይም ማለዳ መሞከር ይሻላል።

ሰዓቱ

አሁን ለየት ያለ የኛ ጣጣ። የጉግል መመዝገቢያ ቅጽ «ስንት ሰዓት ይከፍታሉ፣ ስንት ሰዓት ይዘጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለሱቁ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ነው የሚሠራውና 2:00 እና 12:00 ብሎ ይሞላል። ጉግል የሚያነበው ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሱቁ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ እንደሚዘጋ ለዓለም ይናገራል። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የፈለገው ደንበኛ በቀይ «ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ ያያል። ባለሱቁ እኮ በዚያ ሰዓት ወንበር አውጥቶ ደጁ ላይ ተቀምጧል። ትክክለኛው አሞላል ስድስት ሰዓት ጨምሮ ከጠዋቱ 8:00 እስከ ማታ 6:00 ማለት ነው። የተመዘገበ ቤት ካለዎት ይህን መጽሐፍ አስቀምጠው አሁኑኑ ይዩት።

በዓላትም እንዲሁ ናቸው። የክርስቲያን ሥጋ ቤት ረቡዕና ዓርብ፣ በሁዳዴም 55 ቀን ሙሉ ይዘጋል፤ ጉግል ይህን አያውቅም። ልዩ ሰዓት የሚሞላበት ቦታ አለው፤ የገናን፣ የጥምቀትን፣ የፋሲካን፣ የዒድን ቀን እየቀደሙ መሙላት የባለቤቱ ሥራ ነው። ለበዓል ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ የሚፈልግዎ በነዚያው ቀናት መሆኑን አይርሱ።

ስምና ፊደል

ሌላው ሳያስቡት የሚያስቀር ነገር ፊደል ነው። ለእኛ «ፀጉር ቤት» እና «ጸጉር ቤት» አንድ ናቸው፤ «ሥጋ» እና «ስጋ»፣ «ሐኪም» እና «ሀኪም» እንዲሁ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ሲገባ ግን እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ለኮምፒውተር ፀ እና ጸ ሁለት የማይተዋወቁ ፊደላት ናቸው። አንዳንድ የፍለጋ ፕሮግራሞች ያስታርቋቸዋል፤ ሁሉም ግን አያደርጉትም፣ በተለይ ቴሌግራምንና ፌስቡክን አይተማመኑባቸው። በላቲን ፊደል ሲሆን ደግሞ ይብሳል፦ ሞጣን በአንድ «ቲ» የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ፤ በቢቸና ከ«ቢ» ቀጥሎ «አይ» የሚያስገባ አለ፣ «ኢ» የሚያስገባ አለ።

መፍትሔው ስሙን ማጨናነቅ አይደለም። ስም ላይ ታፔላው ላይ ካለው ውጪ የፍለጋ ቃል መጨመር በጉግል ደንብ የተከለከለ ነው፤ ምዝገባን እስከማሳገድ ያደርሳል። በመግለጫው ውስጥ ግን «የወንዶች ፀጉር ቤት» ብለው ጀምረው በሌላ ዓረፍተ ነገር «ጸጉር» ብለው መጻፍ የሚከለክልዎ የለም። የአርታኢ ዓይን ሊቀፈው ይችላል፤ ደንበኛ ግን ያመጣል።

ስልክ ቁጥሩም በሁሉም ቦታ አንድ ይሁን። ሳፋሪኮም መስከረም 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነጋዴ በ09 እና በ07 የሚጀምሩ ሁለት ቁጥሮች ይዟል፤ ታፔላው ላይ አንዱ፣ ቴሌግራሙ ላይ ሌላው ይገኛል። አንዱን ይምረጡ። ቴሌብር የሚቀበሉበትን ቢያደርጉት ይመረጣል፤ ገንዘብ የሚልክልዎ ሰው የተመዘገቡበትን ስም ስለሚያይ የደወለው ለትክክለኛው ሰው መሆኑን በዚያው ያረጋግጣል። ከውጭ ለሚደውል ሰው 0 ሳይሆን 251 ከፊት ይግባ።

አንድ ፎቶ ምን ያመጣል?

ፎቶ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የሞጣ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዓባይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መሀሉ ፈርሶ «ሰባራ ድልድይ» ተብሎ ቀረ። ሰው ለአሥርተ ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ በተያዘ ገመድ እየተጎተተ ይሻገር ነበር። ያንን የሚያሳይ ፎቶ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ላይ ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 ፎቶውን አየና ድልድዩን ለመጠገን ተነሳ። በቀጣዩ ዓመት ተጠገነ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው፣ በብዙ አገሮች የእግረኛ ድልድይ የሚሠራው ድርጅትም በዚሁ ሰበብ ተመሠረተ። ጥገናውን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በኋላ በተንጠልጣይ ድልድይ ተተካ።

ፎቶው ያልተኳኳለ ነበር፤ የፈረሰውን ቅስትና ገመዱን እንዳለ አሳየ። የኛ ነጋዴ ግን ፎቶ አስገባ ሲባል ከኢንተርኔት የወሰደውን የዱባይ ሆቴል አልጋ ወይም አበባ የበዛበት የማስታወቂያ ካርድ ያስገባል። ፈላጊው የሚፈልገው ደጁን ነው፦ መንገድ ላይ ሆኖ ቤቱን ለይቶ እንዲያውቀው። ሁለተኛ ክፍሉን፣ ሦስተኛ መታጠቢያ ቤቱን። ፔንሲዮን ከሆነ መታጠቢያ ቤቱን የሚያሳይ ፎቶ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ያሳምናል፤ ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ከፎቶው በፊት መጥረጊያው ይቅደም።

አስተያየትና ይሉኝታ

ከሦስቱ የጉግል መለኪያዎች የመጨረሻው፣ ታዋቂነት፣ የሚለካው በአብዛኛው ደንበኞች በሚጽፉት አስተያየትና በሚሰጡት ኮከብ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታችን ሁለት ጊዜ ይጎዳናል። ቅር የተሰኘ ሰው ነገ ለቅሶ ላይ እንገናኛለን ብሎ አይጽፍም፤ የተደሰተውም «ማስታወቂያ መሰለብኝ» ብሎ ይተወዋል። የሚጽፉት የባለቤቱ የአክስት ልጆች ይሆናሉ፤ ሁሉም አምስት ኮከብ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ይህን እንግዳም ይጠረጥረዋል፣ ጉግልም ይሰርዘዋል። ለአስተያየት ስጦታ ወይም ቅናሽ መስጠትም ክልክል ነው። የሚሻለው ሥራው እንዳለቀ፣ ሹፌሩ ሳይነሳ «ጎማው እንዴት እንደተሠራልህ ሁለት ቃል ጻፍልኝ» ማለት ነው። ከባዶ አምስት ኮከብ ይልቅ «ማታ ሦስት ሰዓት ጎማ ጠገነልኝ» የምትል ሦስት ኮከብ ዋጋ አላት፤ ማታ ጎማ የፈነዳበት ሰው የሚፈልጋት እሷን ነው። ቅሬታ ከመጣ ደግሞ በትሕትና መልስ ይስጡ፤ መልሱን የሚያነበው ቅሬታ ያቀረበው ሰው ብቻ አይደለም።

ቴሌግራምና የተዘጋው መስመር

ብዙ የከተማ ነጋዴ «እኔ ቴሌግራም አለኝ» ይላል። ቴሌግራም ለነባር ደንበኛ ጥሩ ነው፤ አዲስ ጫማ ሲገባ ፎቶ ይለቀቃል፣ ሰው ይመጣል። የቻናሉን ስም የማያውቅ ሰው ግን በቦታ ፈልጎ አያገኘውም። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2024 የሥራ ሰዓትና አድራሻ የሚያሳይ የንግድ ገጽ አስተዋውቋል፤ አብዛኛው በክፍያ ስለሆነ እዚህ ብዙ አልተለመደም። ያስለመድነው ሌላ ነገር ነው፦ «ዋጋ በውስጥ መስመር»። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። ከሕጉም ባሻገር፣ ሞጣ ላይ ለሚሠራ ቤት ከአዲስ አበባ ቆርቆሮ የሚያወዳድር ሰው ዋጋ ያልጻፈውን ትቶ የጻፈውን ይደውልለታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ መዘንጋት የሌለበት ግን አለ። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በብዙ ከተሞችም አንድ ዓመት ገደማ ሳይመለስ ቆየ። የደንበኛውን ስም ሁሉ በቴሌግራም ብቻ የያዘ ነጋዴ በአንድ ሌሊት ደንበኛውን አጣ። ስለዚህ የደንበኞችን ስልክ ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ኋላቀርነት አይደለም። ካርታውም ቢሆን አስቀድሞ ወደ ስልክ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ለሠርግ የሚመጡ እንግዶችዎን አዲስ አበባ ሳሉ አውርደው እንዲመጡ ይንገሯቸው።

ድረ ገጽ ላሠራ ወይ የሚለኝ ነጋዴ ብዙ ነው። ለቢቸና ፔንሲዮን መልሴ አይ ነው፤ በየዓመቱ የሚከፈልበት፣ ማንም የማያድሰው ገጽ ከሚሠራ መታጠቢያ ቤቱ ይጠገን። «ከጉግል ነው የምደውለው፣ ይህን ያህል ብር ላክና አንደኛ ላድርግህ» የሚል ከደወለ ደግሞ ስልኩን ይዝጉት። ምዝገባው በነጻ ነው፤ አንደኛ የሚያደርግ ሰውም የለም።

ይህን ምዕራፍ ያነበበ፣ ስማርት ስልክ ያለውና ቢቸና ወይም ሞጣ የሚኖር ወጣት አንድ ነገር ይሥራልኝ። ሰፈሩ ካለው ጎሚስታ፣ መድኃኒት ቤት ወይም ፔንሲዮን አንዱን ይምረጥ፤ ባለቤቱን ያስፈቅድ፤ ደጁ ላይ ቆሞ ያስመዝግበው፤ ሰዓቱን በትክክል ይሙላለት፤ የይለፍ ቃሉንም ወረቀት ላይ ጽፎ ለባለቤቱ ያስረክብ። አንድ ከሰዓት በቂ ነው።